የእታለም ከበሮ

መጋረጃ ሰፊዋን ሰፈሩም የሥራ ባልደረቦቿም የሚያውቋት «እታለም» በሚለው መጠሪያ ነው። ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበር፤ እሷ ትምህርቷን አቋርጣ መርፌና ክር ያዘች። አጥባ አልብሳ፣ ተርባ አብልታ ለወግ ለማዕረግ አበቃችው። ዛሬ እሱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ሚስት አግብቷል፣ ሴት ልጅም ወልዷል። እታለም አላገባችም። ለምን ብሎ የሚጠይቃት ካለ፣ «ከባል በፊት ልጅ ቀድሞኝ መጣ» ብላ ትስቃለች። ልጅ የምትለው ወንድሟን ነው።

አንድ የቆየ ቁስል ነበራት። ሌላው ሰው ቢሰማው ይስቅ ይሆናል፤ እሷ ግን ስቃበት አታውቅም። ተማሪ ሳለች የትምህርት ቤቱ መዝሙር ቡድን ውስጥ ገብታ ነበር። ለወላጆች ቀን መድረክ ሊወጡ ሲሉ የሙዚቃ አስተማሪው ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ ምት አይገባሽም። አጨብጭቢ፣ ግን እጆችሽ እንዳይነካኩ» አላት። ያን ቀን መዳፎቿን አየር ላይ እያስቀረች፣ ድምፅ የሌለው ጭብጨባ ስታጨበጭብ ዋለች። ይህን በሕይወቷ የነገረችው ለወንድሟ ብቻ ነው።

ታዲያ ወንድሟ ለልጁ ልደት አንድ የሙዚቃ ጌም ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመጣ፣ ለልደቱ የተጠራችው እታለም ከሶፋው አልተነሳችም። የፕላስቲክ ጊታር አለው፣ ማይክ አለው፣ በእግር ከሚረገጥ ፔዳል ጋር ባለቀለም ከበሮዎች አሉት። ዘፈኑ ሲጀምር በቴሌቪዥኑ ላይ ባለቀለም ምልክቶች ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ምልክቱ ከታች ያለችውን መስመር ሲነካ የዚያን ቀለም ከበሮ መምታት ነው። ከሳቱ በስክሪኑ ላይ ያለው ተመልካች ያጉረመርማል፤ አብዝተው ከሳቱ ዘፈኑ ይቆማል።

«እኔና ከበሮ ከተፋታን ቆየን» አለች።

«ለእኔ ስትዪ፣ እታለም። አንዴ ብቻ» አላት ወንድሟ።

ለእሱ ስትል ምን ያላደረገችው አለ! ተቀመጠች፤ መታች። ተመልካቹ በጩኸት አገሩን ቀወጠው፤ ኮከብ በኮከብ ላይ ተደረደረ። እታለም መምቻዎቹን እንደያዘች ፈዛ ቀረች። «እኔ ነኝ? እኔ ነኝ እንዲህ የመታሁት?» አለች።

«አንቺ ነሽ እንጂ! ምት በደምሽ ያለ ነው!» አለ ወንድሟ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር የወንድሟ ሚስት ጊታሩን፣ ወንድሟ ማይኩን፣ እታለም ከበሮውን ይዘው ቤቱን ያናውጡት ጀመር። ሴትዮዋ ተለወጠች። በስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የምትውለው ዝምተኛ፣ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች ታንጎራጉር ጀመር። ጉራ የማታውቀው ሴት ለጨርቅ ቆራጯ ጓደኛዋ፣ «ከበሮውን እኔ ካልያዝኩት ዘፈኑ ዘፈን አይሆንም» አለቻት። ያ አስተማሪ ተሳስቶ እንደነበር ለራሷ ደጋግማ ነገረች።

የመጋረጃ ቤቱ ባለቤት ሥራውን ወደ ሰፋ ያለ አዳራሽ ባዛወረች ጊዜ ሠራተኞቿን ምሳ ጋበዘች። ሻጩ፣ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር ከአፉ ቅናሽ የሚል ቃል ስለማይጠፋ አቶ ቅናሽ የሚሉት፣ ያንኑ ዓይነት ጌም ከቤቱ ይዞ መጣ። ቆራጯ ገና ስታየው፣ «ከበሮውን ማንም እንዳይነካ! ባለቤቱ እዚህ አለች!» ብላ ጮኸች። ሁሉም አጨበጨበ። እታለም እየተሽኮረመመች፣ ግን ደስ ብሏት፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። የመረጠችው እሁድ እሁድ የምትመታውን ዘፈን ነበር።

ገና ሲጀመር ተመልካቹ አጉረመረመ። እታለም መምቻውን ጠበቅ አደረገች። ስክሪኑ ቀላ፤ ዘፈኑ ቀጥ አለ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለ ሹፌሩ። ሰው ሳቀ።

እንደገና ሞከረች። ያኔማ ከመጀመሪያውም ቀድሞ ቆመ። የሳቀው ሁሉ ለክፋት አልነበረም፤ እሷ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አቶ ቅናሽ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ «እቤታችሁ በሕፃናቱ አማራጭ ይሆናል የምትጫወቱት። የእኔም ትንሿ በሱ ነው። የትኛውን ብትመቺ ልክ ነው ይላል፤ ዘፈኑም አይቆምም» አላት።

«የእኛ ቤቱ የትልልቅ ሰው ነው» አለች እታለም ፍርጥም ብላ።

ነገሩ የገባት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ብርጭቆው! እሁድ እሁድ ቴሌቪዥኑ ሲበራ የወንድሟ ሚስት፣ «እታለም፣ እስቲ ብርጭቆ አምጪልን» ትላታለች። ከኩሽና ስትመለስ ዘፈኑ ተመርጦ ይጠብቃታል። አንድም ቀን ሳይጎድል። በቤቷ ፌርማታ ሳትወርድ ወደ ወንድሟ ቤት አለፈች።

ሦስቱም ሳሎን ነበሩ። ሰላምታም አልሰጠች።

«ዛሬ ብርጭቆ ሳላመጣ እንጫወት» አለች።

ባልና ሚስት ተያዩ። ትንሿ ልጅ ግን አላስቻላትም፤ «አባዬ፣ እኔ አልነገርኳትም!» አለች።

ወንድሟ ተነሳ። «እታለም፣ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው እኮ። የመዝሙሩን ነገር ስለማውቅ...»

«ስለምታውቅ ነው እንጂ የከፋው! ያ አስተማሪ እንኳ ፊት ለፊት ነው የነገረኝ። አንተ ዘወር እስክል ትጠብቃለህ። ያሳደግኩህ እኔ፣ ሕፃን ያደረግከኝ አንተ!»

«ጨዋታ እኮ ነው» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

«ለእናንተ። እኔ እውነት መስሎኝ ለሰው አውርቻለሁ።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ኩሽና ስገባ ትስቁ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ።

እታለም ግን የምታየው ልጅቷን ነበር። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ አቀርቅራለች።

የሚያምኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እታለም ያን ቀን ሳታለቅስ ወጣች። ያለቀሰችው ቤቷ ገብታ ነው፤ ያስለቀሳት ደግሞ ሳቃቸው ሳይሆን «ምት በደምሽ ያለ ነው» ያላት ነገር ነበር። ይህን ሲላት እጇን ይዞ፣ ዓይኗን እያየ ነበር።

እሁዶች አለፉ፤ አልሄደችም። ወንድሟ መጋረጃ ቤቱ ድረስ መጣ። ስለ አየሩና ስለ ጨርቅ መወደድ አጫወተችው፤ ሻይም አዘዘችለት። ይቅርታ ሲላት «እሺ» አለች፤ እሺታዋ ግን እንደ እንግዳ ሰው እሺታ ነበር። የሥራ ጓደኞቿ ጥቂት አሾፉባት፣ ከዚያ ረሱት። እሷም ጠረጴዛ መምታቱን ተወች።

በመጨረሻ የመለሰቻት ልጅቷ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እታለም ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመችና፣ «አክስቴ፣ የሕፃናቱ አማራጭ የት እንደሚጠፋ ላሳይሽ? አንቺው ራስሽ ታጠፊዋለሽ» አለቻት። እታለም ነጠላ ጫማዋን በጫማ ቀይራ ተከተለቻት።

አሁን እሁድ እሁድ አማራጩን የምታጠፋው እሷ ናት። በጣም ቀርፋፋውን ዘፈን ትመርጣለች። ብዙ ጊዜ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ይቆምባታል፤ ተመልካቹ ያጉረመርማል፤ እሷ ላቧን ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። ብርጭቆ የሚያመጣው ወንድሟ ሆኗል። ሲጨርሱ እታለም እሱን አታይም። ወደ ልጅቷ ዞራ፣ «ልክ ነበርኩ?» ትላታለች።

«አይ፣ አክስቴ። ቢጫውን ስተሻል።»

እታለም ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። ወንድሟ «ጎበዝ» ሊላት አፉን ይከፍትና ይተወዋል።