የባላምባራስ ታንኳ

ጊቤን በገደሉ መሃል በታንኳ በመውረድ ከእኔ የሚበልጥ ሰው በሆሳዕና ምድር ካለ ይምጣ! እርግጥ የወረድኩት የደነገጠች ፍየል ሳታርፍ የምትሮጠውን ያህል ነው፤ ግማሹንም የወረድኩት ያለ ታንኳ ነው። ሰሞኑን ገበያ ስዞር የረጠበ ቃጫ ሸተተኝና ያ ጉድ ትዝ አለኝ። የእንሰት ቃጫ ሽታ ለሌላው የገመድ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የባላምባራስ ጥሩነህ ሽታ ነው።

ባላምባራስ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ዘመኑ ጣልያን ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ከጣና ዳር መጥተው እኛ ዘንድ የሰፈሩ፣ መሬታቸውን በክርክር የተረቱ፣ ካባቸውን አይጥ የበላባቸው፣ ከስማቸው በቀር ሀብት የሌላቸው ሰው። ስማቸውን ግን እንደ ሞላ ብርሌ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር የሚሄዱት። "ባላምባራስ" ሳይል "ጋሼ" ያላቸውን ሦስት ወር ያኮርፉታል። ጫማ የላቸውም፣ ጢማቸው ግን ቅቤ አያጣም። "ጣና ላይ እኔ ስቀዝፍ ጉማሬ መንገድ ይለቅልኝ ነበር" ይላሉ። አንድ ቀን ማኅበር ላይ አንዱ ነገረኛ "ታዲያ ጊቤን አይወርዱትም?" ቢላቸው፣ "ያንን ቦይ?" ብለው እርፍ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበራቸውም፤ ካልወረዱ ያቺ አንዲት ሀብታቸው ማለቋ ነው።

የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። እኛ ዘንድ ደንገል ስለሌለ የደረቀ የእንሰት ግንድ በቃጫ ጠፈሩ። በሀቢቾ በኩል ሰውን በተነፋ ስልቻ የሚያሻግረው ላምቦሬ የሚባል ሀዲያ ሽማግሌ ታንኳውን ዞሮ ዞሮ አየው።

"ጌታው፣ እንሰት ይበላል እንጂ አይጋለብም።"

"ዝም በል! አንተ የምታውቀው መሻገር ነው፤ መቅዘፍን ለእኔ ተውልኝ።"

"ሐይቅ ይተኛል፣ ጌታው። ይሄ አይተኛም።"

"ሂድ ስልቻህን ንፋ!"

ላምቦሬ ራሱን እየነቀነቀ ወደ መሻገሪያው ወረደ። እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ድምፄ እንደ በሬ ጎርንኗል። "ባላምባራስ፣ እኔም ልሳፈር" አልኳቸው። አክብሬያቸው እንዳይመስላችሁ፤ ሲዋረዱ በቅርብ ለማየት ነው።

ሁለቱ ገደሎች ተጠጋግተው ሰማዩን መቀነት አሳክለውታል። ዝንጀሮዎች እንደ ዳኛ ተደርድረው ቁልቁል ያዩናል። ውሃው ድንጋዩን እየዘለለ ነጭ አረፋ ይተፋል። ባላምባራስ ቀርከሃ መቅዘፊያቸውን እንደ ጦር ሰብቀው ፎከሩ፤ ፉከራው ሳያልቅ ታንኳው ከአለት ተላተመ። እንሰቱ ውሃ ጠጥቶ ከበደ፣ በሁለተኛው አለት ለሁለት ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ "እማዬ! እማዬ ድረሽልኝ!" የሚል ጩኸት ከገደል ገደል እየነጠረ ከእኛ ቀድሞ መሻገሪያው ደረሰ። ባላምባራስ በነጠላቸው ከአንድ ግንድ ጋር ጠፍረው አሰሩኝ።

ላምቦሬ ስልቻውን ታቅፎ ገብቶ እየጎተተ አወጣን። የባላምባራስን ሱሪ ጊቤ ወስዶታል፤ መቅዘፊያውን ግን አልለቀቁም። ሊሻገር የቆመው ገበያተኛ በሳቅ ፈረሰ።

"ኧረ ለመሆኑ እማዬ እያለ የጮኸው ማነው?" አለ ላምቦሬ።

ባላምባራስ ዞር ብለው አዩኝ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። የጠጡትን ውሃ ተፉና፣

"እኔ ነኝ! ምነው፣ እኔ እናት የለኝም?" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ባላምባራስ የሚላቸው ጠፋ። ከሀቢቾ እስከ ሞርሲቶ ስማቸው "እማዬ" ሆነ። ሲሞቱ እንኳ ጥሩምባ ነፊው "እማዬ አረፉ" ብሎ ነው የለፈፈው። መቅዘፊያውን ለእኔ ተናዝዘውልኝ ኖሮ ይኸው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲጠይቀኝ ጊቤን የወረድኩበት ነው እላለሁ።

የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ያን ስም ሆሳዕና ይዤ የገባሁትም፣ መጀመሪያ "እማዬ" ብዬ የጠራኋቸውም እኔው ነኝ።