የምርጫው ድንበር በመንገዳችን መሃል ሲያልፍ

ዜግነቴን ባገኘሁ ሰሞን፣ በአረጋውያን መንከባከቢያው አብራኝ ሺፍት የምትገባ ሴት ሰፈሬ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰንሻይን ዌስት አልኳት። የእናንተማ ሴፍ ነው አለችኝ። እኔ ሰፈራችሁ ሰላም ነው ማለቷ መስሎኝ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩና ስለ ጎረቤቶቼ ደግነት፣ አንድ ቀን በሩን ሳልቆልፍ ወጥቼ ምንም እንዳልጠፋብኝ አጫወትኳት። ታግሣ እስክጨርስ ጠበቀችኝና የማወራው ስለ ምርጫ ነው አለች። ለካ እዚህ አገር “ሴፍ” የሚባለው ሁልጊዜ አንድ ፓርቲ ብቻ የሚያሸንፍበት የምርጫ ክልል ነው።

ውጤቱ ከቀኑ በፊት የሚታወቅ ምርጫ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሱዳን ተሰድጄ፣ ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቄ፣ ሜልቦርን ገብቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ድምፅ ልሰጥ ስዘጋጅ ያው የድሮው ነገር ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ።

ማታውኑ ለፊት ለፊቱ ጎረቤታችን ነገርኳቸው። ከመንገዱ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው የማልታ ሰው ናቸው። እዚህ ቤት ከገባንበት ሳምንት ጀምሮ ጋሼ እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ ለታላቅ ወንድም የሚባል ነው ስላቸው በጣም ወደዱት፤ ከዚያ ወዲህ ለፖስተኛው ሳይቀር “ጋሼ እባላለሁ” ይላሉ። የነገርኳቸውን ሰምተው ሳቁ። ከዚያ ግን ፊቴን አዩና ሳቃቸውን ተዉት።

“ማንም አስገድዶን አይደለም” አሉኝ። “እዚህ የኖረው ሰው ራሱ ነው እንዲህ ያደረገው። ለምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ ቅዳሜ መኪናሽን አስነሺና እንዙር።”

እሳቸው ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። ቅዳሜ ከጎኔ ተቀምጠው ግራ፣ ቀኝ፣ እዚህ ጋ ቀስ በይ እያሉ የምርጫ ክልላችንን ዙሪያ አስነዱኝ። ያን ቀን ያየሁትን ዛሬም ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችላለሁ። በሰሜን በኩል ድሮ ጥቁር ድንጋይ የሚወጣበት ግዙፍ ጉድጓድ ነበር፤ አሁን ተሞልቶ ሣር በቅሎበታል። የመሃል ከተማው አሮጌ ሕንፃና የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ከእንደዚህ ዓይነት ጉድጓድ የወጣ መሆኑን ሲነግሩኝ መኪናውን አቁሜ ወረድኩ። በምዕራብ ወንዙ አለ፤ ወንዝ ሲሉት ነው እንጂ በበጋ ቄጠማው ውስጥ የምታንቀላፋ ጅረት ናት። በደቡብ የጭነት መኪና የማያባራበት አውራ ጎዳና፣ ከዚያ ወዲህ መጋዘን በመጋዘን ነው። በምሥራቅ የባቡር ሐዲዱ። መሃሉ ድሮ ሜዳ ነበር፤ ዛፍ የሌለው፣ ነፋስ እንደልቡ የሚፈነጭበት ሜዳ።

“ይህ ሁሉ ባዶ ነበር” አሉ ጋሼ በእጃቸው እያሳዩኝ። “ከዚያ የማጨጃ ማሽን የሚሠራው ፋብሪካ መጣ። እኔ በመርከብ መጥቼ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ የገባሁት እዚያ ነው።”

ቀሪውን እየነዳሁ ተረኩልኝ። ሠራተኛው ፋብሪካው አጠገብ የእንጨት ቤቱን እየቀለሰ ሰፈረ። አብሮ ይሠራል፣ አብሮ የሠራተኛ ማኅበር ይገባል፣ ደመወዝ ሲጠየቅም አብሮ ይቆማል፤ የምርጫ ቀን ሲደርስም አብሮ ለአንዱ ፓርቲ ይመርጣል። ልጆቹም እንደ አባቶቻቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፓ የመጣው ለስደተኞች በተሠራው የቆርቆሮ ሰፈር ተቀምጦ እነሱኑ ተቀላቀለ። ቀጥሎ ቬትናሞቹ መጡ፣ ከዚያ እኛ። ፋብሪካው ሲዘጋ ብዙ ሰው የዚህ ሰፈር ድምፅ ይለወጣል ብሎ ጠብቆ ነበር አሉ፤ አልተለወጠም።

ሰፈሩ ውስጥ ለዓመታት ኖሬ የማውቀው ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን የረገጥኩት መሬት ታሪክ ያለው፣ እኔም የታሪኩ መጨረሻ ገጽ ላይ የተጻፍኩ ሆኖ ተሰማኝ። ቤት ገብቼ ለልጄ ስተርክላት በእንግሊዝኛ አንድ ቃል መለሰችልኝ፤ ግን ስልኳን አስቀምጣ ነበር የምትሰማኝ።

የመጀመሪያዬን ድምፅ ሰጠሁ። ያው ፓርቲ አሸነፈ። ደስታዬ ሲበርድ ግን ሴፍ መሆን የሚያስከትለው ሌላ ነገር እየገባኝ መጣ። ማንም በራችንን አያንኳኳም። ያሸነፈው እንደሚያሸንፍ ያውቃል፤ የተሸነፈውም እንደሚሸነፍ ያውቃል፤ ስለዚህ ሁለቱም ጊዜያቸውን ሌላ ቦታ ያሳልፋሉ።

እኛን የሚያስጨንቀን ነገር ደግሞ ነበረን። በእኛ መንገድ የሚያልፈው ባስ እሑድ የሚጀምረው ፀሐይ ከወጣች፣ ቅዳሴው ከተጋመሰ በኋላ ነው። መኪና የሌላቸው እናቶች አሉ። አራቱን ሰብስቤ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ፤ አምስተኛዋን ተመልሼ እወስዳለሁ። እሑድ ሺፍት ከደረሰኝ ሁሉም ይቀራሉ። ከሁሉ ታላቋ እትዬ፣ ሰማንያውን ያለፉ ሴት፣ ቀርተው በዋሉበት እሑድ ስደውልላቸው ድምፃቸው የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ለተመራጩ ቢሮ ደውዬ ተናግሬያለሁ። በትሕትና አመሰገኑኝ፤ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ድንበሩ ተቀየረ። ከእኛ በስተ ምዕራብ ባለው በሜልተን በኩል ሜዳው ሁሉ ቤት ሆኖ ሰው ስለበዛ፣ የምርጫ ክልሎቹ ሕዝብ ተመጣጣኝ እንዲሆን ወሰኑ እንደ አዲስ ተሠመረ። አዲሱ ካርታ ሲወጣ ልጄ በስልኳ አሳየችኝ። መስመሩ በመንገዳችን መሃል፣ አስፋልቱን ለሁለት ገምሶ ያልፋል። እኛ በነበርንበት ቀረን። ጋሼና በእሳቸው በኩል ያለው ወገን ከጎረቤት ክልል ጋር ተቀላቀሉ። ያ ክልል ደግሞ ባለፈው ጊዜ በጥቂት ድምፅ ብቻ የተለየ፣ ማንም ሊያሸንፍበት የሚችል ነው።

ምርጫው ሲቃረብ በማዶ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ዛሬ አንዱ ተወዳዳሪ ይመጣል፣ በማግሥቱ ሌላዋ ትመጣለች። ደረታቸው ላይ ስማቸውን ለጥፈው፣ ወረቀት ይዘው፣ የጋሼን በር ያንኳኳሉ፤ ስለ ጽጌረዳቸው ይጠይቋቸዋል። መንገዱን አቋርጠው ወደ እኛ የሚመጡ ግን የሉም። መስኮት ላይ ቆሜ ሳይ ልጄ ከኋላዬ መጥታ፣ እማዬ፣ የአንቺ ድምፅ ስለሚታወቅ ነው አለችኝ። ይህን እንኳ በአማርኛ ነው ያለችኝ።

እሷ እንዲያ ስትለኝ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ መንገዱን ተሻግሬ ጋሼን አንኳኳሁ። የሚመጡት ሰዎች ቀጠሮ ይይዛሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አዎ፣ ሐሙስ ከሰዓት አንዷ ልትመጣ ደውላለች አሉኝ። በረንዳዎን ያውሱኝ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ገብቷቸው ወንበር መቁጠር ጀመሩ።

ሐሙስ አምስቱንም እናቶች ይዤ ሄድኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በበረንዳው ላይ በሰልፍ ተቀምጠው፣ እንደ ዳኛ ይጠባበቃሉ። ተወዳዳሪዋ የጠበቀችው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበርና፣ የግቢውን በር ከፍታ ገብታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ እርምጃዋን ቀነሰች። ተቀመጪ ብለን የባሱን ነገር አስረዳናት። እኔ አስተረጉማለሁ፤ እናቶች ተራ በተራ ይናገራሉ። በደንብ አዳመጠችን። በመጨረሻ ግን በጨዋነት፣ ከመንገዱ በየትኛው በኩል እንደምንኖር ጠየቀች። የእኔን ቤት በጣቴ አሳየኋት። ሌሎቹም እዚያው በእኛ ወገን ናቸው። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ትንሽ ሲከስም አየሁ።

እትዬ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አስተካክለው፣ “ንገሪያት” አሉ፣ “ባሱ መስመሩን አያውቀውም። በሁለቱም በኩል ነው የሚሄደው።”

ተረጎምኩላት። መልስ ከመስጠቷ በፊት ጋሼ ከበሩ አጠገብ ተነሡ።

“እኔ በዚህ በኩል ነኝ፤ ድምፅም አለኝ” አሏት። “የምፈልገው እነሱ የሚፈልጉትን ነው። እኔም እኮ እሑድ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ ዓይን ግን የለኝም።”

እንባዬ መጣ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንጎራበት እሑድ እሑድ ቤት የሚውሉት መሄድ ስለማይችሉ መሆኑን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ተወዳዳሪዋ ወረቀቷን አውጥታ ጻፈች። ከተመረጥኩ የጠዋቱን ባስ አስጀምራለሁ አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ከእሷ ጋር የሚፎካከረው ሰው መጣ፤ እሱንም እንደዚያው በረንዳው ላይ ተቀብለን አስቀመጥነው። እሱም ቃል ገባ። እናቶች ነገሩ ጣማቸው። መቼ ነው ደግሞ የሚቀጥለው እያሉ ይደውሉልኝ ጀመር።

ወሬ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ግን ሄደ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ፣ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ሳለ የራሴ በር ተንኳኳ። ልጄ ከፍታ ዓይኗን አፍጥጣ ተመለሰች። የእኛን ክልል ወንበር ለብዙ ዓመት የያዙት ሰውዬ ነበሩ፤ ብቻቸውን፣ ኮታቸውን በክንዳቸው ይዘው። በባዶ እግሬ፣ ወለሉን እያረጠብኩ፣ ሮጬ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ስብሰባ እንደምታደርጊ ሰምቻለሁ አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው።

“እኔ ጋ ለምን አልመጣሽም?”

“ደውዬ ነበር። እርስዎ ግን እስከ ዛሬ ወደ እኛ መጥተው አያውቁም።”

ይህን ስል ራሴን አላመንኩም። በተወለድኩበት አገር ለባለሥልጣን እንዲህ ብዬ ወደ ቤቴ በሰላም መግባት የማይታሰብ ነው። ሰውየው አልተቆጡም። ልክ ነሽ አሉና ገብተው ወንበር ሳቡ። የእሑዱ ባስ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር እንደማያውቁ በግልጽ ነገሩኝ። ልጄ በስልኳ የባሱን ሰዓት አሳየቻቸውና በጥሩ እንግሊዝኛዋ፣ እኔ ልለው ከምችለው በላይ አጥርታ፣ ሴቶቹ እነማን እንደሆኑና ስንት ሰዓት መድረስ እንዳለባቸው አስረዳቻቸው። ሲሄዱ ልጄን ዘንድሮ ትመርጫለሽ ወይ አሏት። የመጀመሪያዬ ነው አለች፤ ቀና ብላ።

የምርጫው ቅዳሜ የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነበር። የትምህርት ቤቱ ግቢ እንደ ሠርግ ቤት ሞልቷል፤ ወላጆች ቋሊማ እየጠበሱ በዳቦ ይሸጣሉ። ሽታው አፍ ውስጥ ምራቅ ይሞላል። የሚጠብሰው ጎረምሳ ምን ልስጥሽ ሲለኝ ቋሊማውን ትተህ ዳቦና ሽንኩርት ብቻ አልኩት። ሽንኩርቱ ከሥጋው ጋር እንደተጠበሰ ልጄ በጆሮዬ ስትነግረኝ ዳቦውን ባዶውን በላሁት። እንደዚያም ሆኖ እንዴት እንደጣፈጠኝ። አዳራሹ ውስጥ ለሁለቱም ክልል ጠረጴዛ ነበር። ጋሼ ወደ ግራ፣ እኔና ልጄ ወደ ቀኝ ሄድን፤ በካርቶን በተከለለችው ጠባብ ቦታ ቆሜ በዚህ አገር ደንብ በየስሙ ትይዩ የምርጫዬን ተራ ቁጥር ስጽፍ፣ ከጎኔ ካለችው ቦታ የልጄ እርሳስ ድምፅ ይሰማኛል። ለማን እንደሰጠሁ ለጋሼም አልነገርኩም።

በእሳቸው በኩል ውጤቱ ቶሎ አልለየም። በፖስታ የመጣው ድምፅ ተቆጥሮ እስኪያልቅ አንዴ አንዷ፣ አንዴ ሌላው ይመራል፤ ጋሼ ሬዲዮናቸውን ወደ በረንዳው አውጥተው፣ ለውጥ በተሰማ ቁጥር በእጃቸው ይጠሩኛል፤ እኔም የጀመርኩትን ሥራ ጥዬ እሻገራለሁ። በመጨረሻ መጀመሪያ በረንዳው ላይ የተቀበልናት ሴት አሸነፈች። በእኛ በኩል ያው ፓርቲ፣ ያው ሰውዬ አሸነፉ። ግን ያሸነፉበት ልዩነት እንደ ድሮው ሰፊ አልነበረም፤ ሬዲዮው ላይ የሚያወሩት ሰዎች የሰፈራችንን ስም አንሥተው፣ ከእንግዲህ እዚህ ሴፍ ነው ብሎ መተኛት አይቻልም ሲሉ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ።

ሁለቱ ተመራጮች ፓርላማ ሲገቡ ስለ ባሱ በአንድነት ጠየቁ። የሆነው ወዲያው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ደወልኩ፣ እናቶችም አብረውኝ ቢሮ ሄደው ተቀመጡ። በዓመቱ ግን ማቆሚያው ላይ አዲስ የሰዓት ሰሌዳ ተለጠፈ።

የመጀመሪያዋ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ማቆሚያው በነጭ ልብስ ነጭ ሆነ። ባሱ መብራቱን አብርቶ ከማዕዘኑ ሲታጠፍ እትዬ በእጃቸው ክንዴን ጨብጠው አልለቅ አሉኝ። ሾፌሩ የሕንድ ሰው ነው፤ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ዛሬ ምን በዓል ነው ብሎ ጠየቀ። እሑድ ነው አልኩት። ጋሼ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አበጥረው ከማዶ ተሻገሩና እትዬ አጠገብ ተቀመጡ። ቋንቋ አይግባቡም፤ እትዬ በአማርኛ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ ሄዱ። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ከእኛ በፊት ስለሆነ ቀድመው ወረዱ። እትዬ በመስኮቱ እያዩዋቸው፣ “እኚህ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ቢቀሩ እኔ ነኝ ሄጄ የማንኳኳባቸው” አሉኝ።