ያለቀው ሳሙና

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ ሠራተኛዬ አቶ ደምሴ የዓመቱን የሙከራ ሚዛን፣ ማለትም ገቢና ወጪ የሚመሳከርበትን መዝገብ፣ ሊያስተካክሉ ፒያሳ ወዳለው ላውንደሪዬ መጡ። የቀረውን ሳሙና እንድንቆጥር መጋዘኑን ስከፍት የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ ወዲያው የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

እናቴ አስካለ እዚሁ ከተማ በሌላ ላውንደሪ ልብስ አጣቢ ነበረች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ እሷ ጋ ስደርስ ገንዳው አጠገብ ቆማለች፤ አረፋው ከክንዷ ይንጠባጠባል። የዚያ ላውንደሪ የሒሳብ ሠራተኛ መዝገቡን በጣቱ እየመታ ይጮህባታል።

«እዚህ አርባ ካርቶን ሳሙና ይላል፤ ያለው ሦስት ነው። የት አደረስሽው?»

«ጌታዬ፣ የዓመቱ ልብስ በምን ታጠበ?»

«መዝገብ ልብስ አያውቅም! ሌባ!»

ነገሩ ያኔ አልገባኝም። ያለቀውን ሳሙና ከመዝገቡ ቀንሶ ወደ ወጪ ማዛወር የነበረበት እሱ ራሱ እንደነበር የተረዳሁት የራሴን ሥራ ከከፈትኩ በኋላ ነው። እናቴ ተባረረች፤ እኔም ከአራተኛ ክፍል ቀረሁ። ሌባ እንደተባለች ሞተች።

ያ ሰው አቶ ደምሴ ናቸው። አምና ሥራ ሊጠይቁኝ ሲመጡ እሳቸው አላወቁኝም፤ እኔ ግን አውቄ ቀጠርኳቸው።

ባለፈው ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ፣ ፈሪ ነኝና፣ እንዳልሳሳት ሳሙናውን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚያ ሠራተኞቼን ሁሉ ጠርቼ፣ «የተስተካከለውን መዝገብ ያንብቡልን» አልኳቸው አቶ ደምሴን።

«ያለቀ ሳሙና፣ ሠላሳ ስድስት ካርቶን፣ ወጪ።»

«የት ሄደ?»

«ታጠበበታ፣ ልጄ!» ብለው ሳቁ።

«እኔ የአስካለ ልጅ ነኝ።»

ሳቃቸው አፋቸው ላይ ደረቀ።

«አሁን ሳሙናው የት እንደሄደ ጮክ ብለው ይድገሙት» አልኳቸው።