በወስፌ የተወጋው ፖስተር

ሹም አቦ ሰፈር ከሚገኘው የማስታወቂያ ጽሑፍ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ባለቤቱ ጋሼ ይኄይስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ምን ትችያለሽ?»

«ፊደል እጽፋለሁ።»

«ፊደልማ ማን የማይጽፍ አለ!» አሉና የብሩሽ ማጠቢያውን ጣሳ አቀበሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ ብሩሽ በነጭ ጋዝ አጠብሁ።

የማን ልጅ እንደሆንሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። አባቴ ከተማችን ካለችበት ሐይቅ ማዶ፣ ደልጊ ላይ ብራና ይጽፉ ነበር። ከመቃ ብዕርና ከቀለም በፊት መስመር ይቀድማል። መስመሩ ቀለም የለውም። የብራናውን ግራና ቀኝ ጠርዝ በወስፌ እኩል እኩል ይወጉና፣ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በወስፌው ጫፍ ይጭሩታል። ፊደሉ በዚያ ጭረት ላይ ይቆማል። ወንድሞቼን ሲያስተምሩ እኔ ብራናውን ይዤላቸው እቀመጥ ነበር። ማየት የከለከለኝ ስላልነበረ አየሁ።

ጋሼ ይኄይስ የሚያሰምሩት በእርሳስ ነበር፤ ቀለሙ ሲደርቅ በላጲስ ያጠፉታል። እኔ ግን ከብሩሽ ማጠብ ወደ መጻፍ ካለፍሁ በኋላ በወስፌ አሰምር ነበር። እሳቸው ሲመጡ ወስፌዬን ቦርሳዬ ውስጥ እከት ነበር። የአባቴ መሣሪያ መሳቂያ እንዲሆን አልፈለግሁም።

በአምስተኛው ዓመቴ ከመምህራን ኮሌጁ ከፔዳ መምህር አንተነህ የሚባሉ ሰው መጡ። ለተማሪዎች ዐውደ ርእይ የፊደልን አካል የሚያሳይ ትልቅ ፖስተር ፈልገው ነበር። ጋሼ ይኄይስ ትእዛዙን ተቀበሉና ወደ እኔ ገፉት።

«ሳ»ን መረጥሁ። አንገት አላት፣ ትከሻ አላት፣ ሁለት እግር አላት፤ ቀኙ ከግራው ይረዝማል። ወረቀቱ መካከል አንድ ትልቅ ፊደል አቆምሁና የየአካሏን ስም በደቃቁ ከጎኗ ጻፍሁ። በብሩሽ ብሠራትም የመቃን ጠባይ አስያዝኋት፤ ወደ ታች ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይሳሳል። ዙሪያዋን ባዶ ተውሁት።

ጋሼ ይኄይስ ከኋላዬ ቆመው አዩ። «እግሯ የዝሆን፣ አንገቷ የሚዳቋ! ይህን ሁሉ ሜዳስ ለማን ተውሽው? ከብት ይዋልበት?»

«ባዶው ነው ፊደሏን የሚያሳያት፣ ጋሼ።»

«ደግሞ እኔን ታስተምሪ!»

አልነካካሁትም። ጋሼ ይኄይስ እንዳለ ወሰዱት።

ዐውደ ርእዩ የተከፈተው ሐይቁ ዳር ካለ አዳራሽ ነበር። ጋሼ ይኄይስ «አንቺ ሱቅ ጠብቂ» አሉኝ። ቆልፌ ሄድሁ።

ፖስተሩ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ከግርጌው የእሳቸው ስም ተጽፏል፤ ያውም በቀይ። አባቴ ቀይ ቀለም የሚያወጡት ለቅዱሳን ስም ነበር። ጋሼ ይኄይስ ተማሪዎቹን ሰብስበው ስለ «ሳ» ትከሻ ያስረዳሉ፤ መምህር አንተነህም ከጎናቸው ቆመዋል።

«መምህር፣ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«ሠራተኛዬ ናት፤ ቀለም ታቀብለኛለች» አሉ ጋሼ ይኄይስ እየሳቁ።

ፖስተሩን አወረድሁና ከመስኮቱ መስተዋት ላይ ዘረጋሁት። ብርሃኑ በሁለቱ ጠርዞች በኩል በነጠብጣብ ወጣ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው?»

ቀረብ ብለው አዩ። «ብል ነዋ! ወረቀቱን ብል በልቶት ነው።»

መምህር አንተነህ መነጽራቸውን አደረጉ፤ የግራውን ቀዳዳ ከቀኙ እያስተያዩ እስከ ታች ወረዱ። «እንዲህ ለክቶ የሚበላ ብል ካለዎት ለእኔም ይስጡኝ እንጂ፣ ጋሼ!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ወስፌዬን አውጥቼ ጫፉን ከአንዱ ቀዳዳ አስገባሁት፤ ልክ ሆነ። ከዚያ ለጋሼ ይኄይስ ዘረጋሁላቸው።

«አንድ መስመር ያስምሩልን።»

አልተቀበሉኝም። «በእኔ ቤት የተሠራ የእኔ ነው!» ብለው ወጡ።

መምህር አንተነህ ብዕር ሰጡኝ። ስሜን ጻፍሁ። የጋሼ ይኄይስን አልሰረዝሁትም፤ ሰው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ይያቸው ብዬ።

በማግሥቱ ሱቁ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። አላንኳኳሁም። ከዚያ በኋላ ሥራ እስካቆም ድረስ በራሴ የማስታወቂያ ቤት ሠራሁ፤ እንዴት እንደከፈትሁት የእኔ ጉዳይ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠሩ ልጆች ቦታ ሲተርፋቸው ፊደሉን ይለጥጡታል፤ ትከሻው ይሰፋል፣ እግሩ ይሰባበራል። ለሚጠይቀኝ ብቻ ትክክሉን አሳያለሁ።

ጋሼ ይኄይስ አርጅተዋል። «እሷን ያሠለጠንኋት እኔ ነኝ» እያሉ እንደሚያወሩ እሰማለሁ። ብሩሽ ማጠብ አስተምረውኛል፤ እሱን አልክድም።

ሥራችሁ ከእጃችሁ ሳይወጣ ስማችሁን ጻፉበት። እኔ ያን ጊዜ አልጻፍሁም ነበር። ከጥፋቱ ሁሉ የእኔ እሱ ብቻ ነው።