የጋሽ ሰይድ ሰላምታ

ሰው ማቋረጥ እንጀራዬ ከመሆኑ በፊት፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ጎረቤላ ያለው ቤታችን በየገበያው ዋዜማ አንድ እንግዳ ነበረው። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። የዓሊዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ፤ በሁለት አህያ በርበሬና ማሾ ጭነው ያንን አቀበት ሲወጡ ይውሉና ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ከደጃችን ይደርሳሉ። አባቴ የደብሩ ቄስ፣ እሳቸው ሶላታቸውን የማያስታጉሉ ሙስሊም፤ ሥጋ ላይ ይለያዩ እንጂ ሽሮ ላይ አንድ ነበሩ።

ከበሩ እስከ ምድጃው ያለችው አምስት እርምጃ ለጋሽ ሰይድ ሩብ ሰዓት ትፈጅባቸው ነበር። አባቴን ይጠይቃሉ፣ እናቴን ይጠይቃሉ፣ እኛን ልጆቹን አንድ በአንድ በስም፣ ላሚቱን፣ ጥጃዋን፣ ባለፈው ሲመጡ ጥርሷን ታማ የነበረችውን ጎረቤታችንን፣ ዝናብ የጣለውን አጥር ሳይቀር። እኔ ደግሞ ተረቱን ነበር የምፈልገው። እሳቱ ዳር ቁጢጥ ብዬ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ በሆዴ «ኧረ አሁንስ ይቀመጡ» እላለሁ። ያኔም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ሲቀመጡ ደግሞ ባሰ! ተረታቸው ራሱ በሰላምታ የተሞላ ነበር። አንዲት ጦጣ ነበረች፤ አንበሳ የአገሩን ምንጭ ዘግቶ ቢተኛበት ልቀቅ ልትለው ትሄዳለች። መሄዷ ጥሩ። ግን መንገድ ላይ ሚዳቋን ታገኛለች፣ ትቆማለች፣ «እንዴት አደርሽ? ልጆችሽስ? እግርሽን ያመመሽ ተሻለሽ?» ትላለች። ትንሽ ሄድ ስትል ጅግራን፣ ከዚያ ከርከሮን፣ ከዚያ ጃርትን። ጋሽ ሰይድ የእያንዳንዱን ድምፅ እያወጡ፣ ኩራዙ ፊታቸውን ግማሹን ብቻ እያበራው፣ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ጤና ሳይጠይቁ አያልፉም። እኔ «ከዚያስ?» ባልኩ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳሉ። አባቴ በሳቅ ይሞታል።

አንድ ምሽት ግን አልቻልኩም። «ጋሽ ሰይድ፣ ሰላምታውን ይተዉትና አንበሳውን ይንገሩን» አልኳቸው። እናቴ በክርኗ ወጋችኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉና «እሺ» አሉ። «ጦጣዋ ደረሰች። ምንጫችንን ልቀቅ አለችው። በላት። አለቀ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ለምን እንደበላት ጠየቅኳቸው። «መልሱ መንገድ ላይ ነበር» አሉኝ፣ «አንቺ ነሽ የዘለልሽው።» ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ።

ለሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ ከንፈሬን ነክሼ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ለካ ጦጣዋ ሰላም ያለቻቸው ሁሉ «ብቻሽንማ አትሄጂም» እያሉ ተከትለዋታል። ሚዳቋዋ፣ ጅግራዋ፣ ከርከሮው፣ ጃርቱ፣ ከነልጆቻቸው አንበሳው ፊት ቆሙ፤ አንበሳው አንዷን መብላት ይችል ነበር፣ አገሩን ሁሉ ግን የት ያደርገዋል? ተነስቶ ሄደ። እኔም ትምህርቱ ገባኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ምን ይገባኛል! ሰው በልጅነቱ የገባውን ነገር ትልቅ ሲሆን እንደገና ከዜሮ የሚጀምረው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ የጠዋት የውይይት ፕሮግራም አዘጋጅ ነኝ። ሹም እጋብዛለሁ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ጤና ጣቢያው እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ስልክ ይከፈትና አድማጭ ይጠይቃል። ሲባል ቀላል ነው። ሹሙ «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምርና ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት፣ በቀጣይ በትኩረት እያለ፣ አንዲት የምትጨበጥ ነገር ሳይጥል አሥር ደቂቃ ይበላል። የተረፈችውን ደግሞ አድማጩ በሰላምታ ይጨርሳታል። የእኛ አገር ሰው ስልኩ ሲነሳለት ስቱዲዮ ያለነውን፣ ሹሙን፣ አይቶ የማያውቃቸውን የሹሙን ልጆች፣ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ሰላም ሳይል ጥያቄ አይወጣውም። የድምፅ ባለሙያችን ዮናስ ከመስታወቱ ወዲያ በሁለት ጣቱ መቀስ እየሠራ ያሳየኛል፤ ቁረጪው ማለቱ ነው። እኔም እቆርጣለሁ። በመቁረጥ የታወቅኩ ነኝ። «ሰላምታው ደርሶናል፣ ቀጥታ ወደ ጥያቄዎ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የከተማው ልጆች ሳይቀሩ ይቀልዱባታል።

አንድ ጠዋት የትውልድ ወረዳዬን የውሃ ኃላፊ ጋብዤ ነበር። እኛ ጣቢያ በዓመት አንዴ ከተገኘ ነው፣ ለምኜ ለምኜ ነው ያመጣሁት። እሱም በወረዳው ያሉት የእጅ ፓምፖች በሙሉ አገልግሎት እየሰጡ እንደሚገኙ፣ የተበላሸ ካለም ስሙ ተመዝግቦ ለጥገና እንደሚያዝ ተናገረ። ስልክ ከፈትን። ሦስት ሰው ገባ፤ የመጨረሻው፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ የሽማግሌ ድምፅ ነበር። አሰላሙ አለይኩም አሉ፣ ከዓሊዩ አምባ አካባቢ ነኝ አሉ፣ እንደምን አደራችሁ አሉ፣ የክቡር ኃላፊውን ጤና ጠየቁ፣ ቤተሰቡን ጠየቁ፣ ፓምፑን ስላቆማችሁልን አላህ ይስጥልን አሉ። አንድ ደቂቃ ቀርታኛለች። ዮናስ በሁለት እጁ መቀስ እየሠራ ነው። «እንግዲህ እኔ የደወልኩበት...» ሲሉ የተለመደችውን ተናገርኩ፣ ሰዓታችን አለቀ አልኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ማስታወቂያ ገባ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊው ራሱ ደወለልኝ፤ ሊያመሰግነኝ! የመሥሪያ ቤቱን የፌስቡክ ገጽ እንዳይ ነገረኝ። ከፈትኩት። «ከዓሊዩ አምባ አካባቢ የደወሉ አባት ለተሠራላቸው ፓምፕ ምስጋናቸውን አቀረቡ» ይላል፣ ከኃላፊው ፎቶ ጋር። መሥሪያ ቤቱ ደውዬ ስጠይቅ፣ የዚያች መንደር ፓምፕ ለጥገና ከተያዙት ዝርዝር ውስጥ ነበረች አሉኝ፤ ተጠቃሚው በሬዲዮ ስላመሰገነ ተሰርዛለች። ንዴቱ እግሬ ጥፍር ድረስ ወረደ። ሰላምታ ምስጋና ተደርጎ ሪፖርት ላይ የሚጻፍበት አገር! በዚህ አገር ዘመድ ሞቶበት ለቀብር የሚጠራ ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፣ ኃላፊው ይህን አያውቅም? ያውቃል እንጂ! እሱም የዚህ አገር ልጅ ነው።

ከዚያ የተቀዳውን ፈልጌ አዳመጥኩ። በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ። እኔ እንደ በቅሎ እየገሰገስኩ «ቀጥታ ወደ ጥያቄዎ» ስል፣ ከእኔ ድምፅ ሥር፣ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ሽማግሌው ቀስ ብለው የተናገሩት አለ። ሦስት ጊዜ መለስኩት። «እሺ ልጄ፣ ዝለይው» ነው ያሉት።

ጋሽ ሰይድ ነበሩ። እኔ አላወቅኋቸውም፤ እሳቸው ግን አውቀውኛል። ስቱዲዮው ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አፈርኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ጎረቤላ፣ ከዚያ በአይሱዙ ቁልቁል ወረድኩ። ጋሽ ሰይድን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል፣ አህያም የላቸውም። ቂም የሚባል አላየሁባቸውም። እናቴን ጠየቁኝ፣ የሞተውን አባቴን ነፍስ ይማር አሉ፣ የአጥራችንን ነገር እንኳ አልረሱም። እኔ ግን ዛሬም ያው ነኝና ሳይጨርሱ ገባሁበት።

«ጋሽ ሰይድ፣ ፓምፑ አይሠራም ብለው ቢጀምሩ ምን ነበረበት? አንድ ቃል እኮ ነው!»

«የሰው ቤት ገብቼ ወቀሳ ላስቀድም?» አሉኝ። «ደግሞስ እኔ ብቻዬን ምንድን ነኝ?»

መቅረጫዬን ላወጣ ስል ቆይ ብለው ተነሱ። ፓምፑ ሩቅ አልነበረም፣ እሳቸው ግን በየቤቱ ደጃፍ እየቆሙ ሰላም ሳይሉ አላልፍ አሉ። እንዴት ዋላችሁ፣ ከብቱስ፣ የታመመውስ ልጅ። ደሜ ፈላ፤ የመመለሻው መኪና ሊያመልጠኝ ነው። አራተኛው ቤት ስንደርስ ነው ዞር ብዬ ያየሁት። ከየቤቱ የወጣው ሰው ነጠላውንና ሽርጡን እያስተካከለ ከኋላችን ይከተላል። መቅረጫዬን ከፍቼ የቀሩትን ቤቶች ሰላምታ ሁሉ ቀዳሁ። ፓምፑ ጋ ስንደርስ መንደሩ ሁሉ ነበር።

አንድ ጎረምሳ እጀታውን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው፤ ሲጥጥ ሲጥጥ ብቻ። ለምርቃቱ ቀን ውሃ ሰጥቷል አሉ፣ ሪባን ሲቆረጥ። ከዚያ ወዲህ ልጆች ይጫወቱበታል። የጋሽ ሰይድ ልጅ ዘይነባ ከወንዝ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ያን ጊዜ ደረሰች፤ ሆዷ ገፍቷል። ጀሪካኑን ተቀብለው ሲያወርዱላት ቆማ መተንፈስ አቃታት። ስትረጋጋ ወደ መቅረጫዬ ጎንበስ ብላ «ስምንት ወር ሆኖኛል» አለች። «ትናንት ሁለቴ ወረድኩ። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ እንዳልቀር ነው የምፈራው።»

ኃላፊውን እንደገና ጋበዝኩት። በፌስቡክ ተመስግኖ ነበርና በደስታ መጣ። ዮናስ ቅጂውን ሰምቶ «ሰላምታውን ልቁረጠውና ለኃላፊው ጊዜ ይትረፈው» አለኝ። አይቆረጥም አልኩት። ሰላምታውም፣ የእጀታው ሲጥታም፣ የዘይነባ ትንፋሽም፣ ሁሉም እንዳለ ይሄዳል። ዮናስ ያበድኩ መሰለው።

ሙሉውን አስተላለፍነው። ኃላፊው መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ሰላምታው ሲበዛ ራሱም ሳያውቀው በጭንቅላቱ አጸፋ ይመልስ ጀመር፤ የዘይነባ ድምፅ ሲመጣ ወረቀቱን ማገላበጥ አቆመ። ሲያልቅ ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ «እንደሚታወቀው...» አለ። ሰዓቱን አየሁ።

«ክቡር ኃላፊ፣ ሰላሳ ሰከንድ ነው ያለን። ፓምፑ ውሃ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?»

ወደ ዮናስ ተመለከተ። ዮናስ፣ እግዜር ይስጠው፣ መቀሱን አነሳ።

«አይሰጥም» አለ።

ከሹም አፍ እንዲህ ያለ አጭር መልስ ሰምቼ አላውቅም። መንደሯ ዝርዝሩ ላይ ተመለሰች፤ አንድ ጠጋኝም ሄዶ ከፓምፑ ውስጥ አንድ ብረት ፈትቶ ይዞ መጣ። ብረቱ አሁንም ደብረ ብርሃን ነው፣ መለዋወጫ አልተገኘለትም ይላሉ። በየሳምንቱ እደውላለሁ፣ በየሳምንቱ በሂደት ላይ ነው እባላለሁ፣ በየሳምንቱ ስልኩን ዘግቼ ጠረጴዛውን በቡጢ እመታለሁ።

የእነዚያ ምሽቶች ጭስና ፍም ከእኔ ጋር አልቀረም፤ ቤቱም ቆርቆሮ ለብሷል፣ ነጋዴም በመኪና አልፎ ይሄዳል፣ ከደጃችን የሚያድር የለም። ያቺ ጦጣ ግን አብራኝ ቀርታለች። ስልክ በተከፈተ ቁጥር ትዝ ትለኛለች፣ ያው እኔ ግን አሁንም እቸኩላለሁ፣ አሁንም ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ባለፈው ሐሙስ ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ያው ድምፅ ገባ። አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ፣ ስቱዲዮ ያላችሁ እንዴት ናችሁ። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ደህና ነን ጋሽ ሰይድ፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ነዎት? ዘይነባስ እንዴት ናት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ወንድ ልጅ ተገላገለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» አሉ። ከዚያ ጨመሩ፦ «የታጠበበትን ውሃ ግን ከወንዝ ነው ያመጣነው።»