የፕሮጀክተሩ ጋሽ ሃይላይ

ካዛንቺስ ባለው ኮሌጃችን ፕሮጀክተር የሚገጥሙልን ጋሽ ሃይላይ ናቸው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማሪ ፕሬዘንቴሽን ሲከታተሉ ኖረዋል። እኔ ብሆን አብድ ነበር!

የመመረቂያ ጥናቴን መጀመሪያ ሳቀርብ ወደቅሁ። ማለቴ፣ ጥናቱ ደህና ነበር፤ ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ሰው ስንት ሰዓት ተሰልፎ እንደሚውል ነው ያጠናሁት። ግን ያለኝን ሁሉ ስላይዱ ላይ ጠቅጥቄ፣ ለመምህራኑ ጀርባዬን ሰጥቼ አነበነብኩት። አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ። እሱም ካመለጠኝ፣ በቃ፣ ምርቃት የለም።

ጋሽ ሃይላይ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ "ሩቲ፣ በቀጠሮሽ ቀን ቀደም ብለሽ ነይና ተለማመጂ" አሉኝ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ከኡራኤል በእግሬ እየሮጥኩ ደረስኩ። እሳቸው መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

"ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ምን ያደርግልሻል? አጥፊው።"

"ከረሳሁትስ ጋሼ?"

"የገዛ ሥራሽን? የሰልፉን ፎቶ ብቻ ተዪና ንገሪኝ።"

መናገር ጀመርኩ። "ቀስ በይ" ይላሉ። "ፊትሽን ወደ እኔ።" አሁንም "ፊትሽን!" ኧረ ሰውዬው ሊገድሉኝ ነው! ተናድጄ፣ ፎቶው እንዲደምቅ መብራቱን ድርግም አደረግኩና ቀጠልኩ።

"አብሪው ልጄ፤ በጨለማ መስማት አልችልም" አሉኝ።

እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። መብራቱን ሳበራው አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ጆሮዬ እምቢ ካለኝ ስድስት ዓመቱ ነው። ከንፈር እያየሁ ነው የምግባባው። ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ተማሪ ጀርባውን ሲሰጠኝ ግን እዚህ ብቻዬን እቀራለሁ።"

አንጀቴን በሉት። በንዴቴ አፈርኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።

መምህራኑ ገብተው ፊት ለፊቴ ሲቀመጡ፣ ከኋላቸው ጋሽ ሃይላይን ፈልጌ አገኘሁ። ሰው እንዴት ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደሚውል ለእሳቸው አወራሁላቸው፤ ቀስ ብዬ፣ አንዴም ወደ ስክሪኑ ሳልዞር።

መምህራኑ ተንሾካሾኩ። ሰብሳቢው ቀና ብለው "አልፈሻል" አሉኝ።

ጋሽ ሃይላይ የሚታያቸው የሰብሳቢው ጀርባ ብቻ ነበር። ተጨንቀው እኔን እኔን ያያሉ። ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ "አለፍኩ ጋሼ!" አልኳቸው።

ብድግ ብለው ብቻቸውን አጨበጨቡ።