ሁለተኛው መርፌ

ይህን ለባሌም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ፣ ይህን ውጬ እመለሳለሁ።

ልጄ መቅደስ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ስኳር ከያዛት ዓመት አልሞላትም። የደሟን ስኳር እየለካን ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ከምንኖርባት ከሳጉሬ አሰላ ሆስፒታል ለቀጠሮ እንወስዳታለን። አንድ ቀን ነርሷ ደብተሩን አይታ፣ «ምነው እናት፣ ማር ነው እንዴ የምታበያት?» ብላ በሰው ፊት አሳቀችብኝ። ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ያ ሳቅ ከልቤ አልወጣ አለ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፈጣኑን ኢንሱሊን ወግቼ ቁርስ አበላኋት። ሁለት ሰዓት ላይ ስለካት ቁጥሩ ከፍ ብሏል። መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሶ የወጣ መሰለኝ። ማንን ጠየቅሁ? ማንንም። ነርሷ ዳግም እንዳትስቅብኝ ብዬ ደግሜ ወጋኋት። እኔ ነኝ የወጋኋት፣ በዚህ እጄ።

ሚኒባስ ውስጥ ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ። «እማዬ፣ ራበኝ» አለች። ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ ነበረ። ከበላች ቁጥሩ ይወጣል ብዬ፣ «ስንመለስ ትበያለሽ» አልኳት። እናት ለራበው ልጅ ዳቦ ትደብቃለች? እኔ ደበቅሁ። አሰላ መግቢያ ላይ ጭኔ ላይ ተዝለፈለፈች።

ሆስፒታል አድርሻት በግሉኮስ ነፍሷ ተመለሰ። ነርሷ ጮኸች፦ «ፈጣኑ እኮ ሦስት አራት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰውነት ውስጥ ይሠራል! የመጀመሪያው ሳያልቅ ማነው የደረበባት?»

ባሌም ተደውሎለት መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። «እኔ አንዴ ነው የወጋኋት» አልኩ። «ደብቃኝ ደግማ ይሆናል።»

መቅደስ አየችኝ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ መርፌዋን በቁልፍ ይዘጋባታል። ሰባት ዓመት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። እሱ ግን፣ «ራሷን ልትገድል የነበረች ልጅ ብቻዋን ሩቅ አገር አትሄድም» ብሏል። እሷ ዝም። እኔም ዝም።

አላወቅሁም ነበር ማለት ለመርፌው ይሆነኝ ይሆናል። ለውሸቱ ግን አይሆንም። ዛሬ ባሌ ለምሳ ሲገባ፣ እሷ ባለችበት እናገራለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ምን አፍ አለኝ? ገና ስጀምር፣ «ተይው እማዬ» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀኑ ልታድነኝ።

ዛሬ ግን አልተወውም።